«በሦስት ወር እጥፍ አደርግልሻለሁ» የሚለንን ሰው እንዴት እንመዝነው?

(ባለፈው ወር የመጨረሻ እሑድ ቤይሩት በነበረን ስብሰባ ላይ አንዲት እህታችን ያደረገችው ንግግር ነው። ሥራ ይዟችሁ ወይም ማዳም ከልክላችሁ ላልመጣችሁ እንዲደርሳችሁ ብለን ከድምፅ ቅጂው ጻፍነው። ስሟ እንዳይወጣ የጠየቀችው ራሷ ናት።)

ቡናው እስኪፈላ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ራሴን ስለማውቀው፣ እየጠጣችሁ ስሙኝ።

ከሁሉ በፊት፣ እኔ የባንክ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ሊባኖስ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሰባቱን በኮንትራት ሰው ቤት፣ አራቱን በፍሪ። ዛሬ የምናገረው ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ አይደለም፤ በገዛ ገንዘቤ ከፍዬ የተማርኩትም አለበት።

ለምን ዛሬ? ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ልጅ መጣችና «እትዬ፣ በሚመጣው ወር ዕቁቡ ለእኔ ይወጣል። 1,500 ዶላር ነው። በቴሌግራም የማውቀው አንድ ትሬደር አለ፤ በሦስት ወር እጥፍ አደርግልሻለሁ ብሎኛል። ላስገባ?» አለችኝ። አሁን እዚህ መሐላችን ተቀምጣለች። አውሪው ብላ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልናገርም።

«ተይ፣ አታስገቢ» ብላት ይቀለኝ ነበር። ግን ልጅ አይደለችም። ገንዘቡ የሷ ነው፤ የሰው መጸዳጃ ቤት አጥባ ያገኘችው ነው። ደግሞስ ዛሬ ይሄኛውን ብከለክላት ነገ ሌላው ይመጣ የለ? ስለዚህ «አታድርጊ» ከምላት እንዴት እንደሚመዘን ባሳያት ይሻላል አልኩ። ከዚያ ሁላችሁም ብትሰሙት ጥሩ ነው ተባለ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ።

በ2019 መጨረሻ እዚህ አገር ባንኮች በር ሲዘጉ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ማዳሞቻችን ሳይቀሩ የገዛ ዶላራቸውን ማውጣት አቅቷቸው በባንክ ደጅ ይጮሁ ነበር። ለዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ነበር፤ ዛሬ 89,500 ነው። የኛም ደመወዝ እንደዚያው ቀለጠ። ያኔ ነው እነዚህ ሰዎች የበዙብን። «ባንክ በላሽ አይደል? እኔ ጋ ገንዘብሽ ይሠራልሻል» ይላሉ። የተናገሩት የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ባንክ በልቶናል። ለዚህ ነው ሁለተኛውን ግማሽ ያመንነው።

የኔው ሰውዬ አማርኛ ተናጋሪ ነበር። ዱባይ ነኝ ይላል። ፎቶው ላይ ነጭ መኪና፣ ረጅም ሕንፃ፣ የእጅ ሰዓት። ግን ያሸነፈኝ መኪናው አይደለም። በየቀኑ ጠዋት «እህቴ እንዴት አደርሽ? እናትሽ ተሻላት?» ይለኝ ነበር። ያኔ እናቴ ታማ ነበር። በዚህ ከተማ ስለ እናቴ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ልብ በሉ፣ እኔ ያመንኩት ትሬዲንጉን አይደለም፤ እሱን ነው።

300 ዶላር ላክሁ። በሰጠኝ አፕ ላይ በሁለት ሳምንት 480 ሆኖ አየሁት። ልፈትነው ብዬ «50 ዶላር ላውጣ» አልኩት። በማግስቱ ላከልኝ! በእጄ ቆጠርኩት። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ? ካጠራቀምኩት 700 ጨመርኩ። አፑ ላይ 2,000 ደረሰ። ሁሉን ላውጣ ስል ደግሞ «መጀመሪያ ታክስ 180 ዶላር ክፈይ» ተባልኩ። ተበድሬ ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኩም ቻናሉም ጠፋ።

ደምሩት። 300፣ 700፣ 180፤ 1,180 ዶላር። የመለሰልኝ 50 ሲነሳ 1,130። ያኔ ደመወዜ 250 ነበር። የአራት ወር ተኩል ልፋት ማለት ነው። ለእናቴ መድኃኒት ሳልልክ የቀረሁበትን ወር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

እሺ፣ ወደ ትምህርቱ።

ትሬዲንግ ሁሉ ሌብነት ነው እያልኩ አይደለም። አክሲዮን ማለት የአንድ ድርጅት ቁራሽ ባለቤት መሆን ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ድርሻሽን ታገኛለሽ፤ ሲከስር ይወርድብሻል። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ሰምታችኋል፤ አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም. የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል። ይሄ እውነተኛ ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያሳዩን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ፎሬክስ ይሉታል፤ የዶላርና የዩሮ፣ የወርቅ ዋጋ ወጣ ወረደ ብሎ በብድር መወራረድ ነው። ሌቨሬጅ ይሉታል ብድሩን። 1 ለ 500 ካሉሽ፣ በ100 ዶላርሽ የ50,000 ዶላር ውርርድ ያዝሽ ማለት ነው። ታዲያ ዋጋው ካሰብሽው ተቃራኒ በ0.2 በመቶ ብቻ ቢንቀሳቀስ 100 ዶላርሽ አለቀ። ዜሮ። ዩሮ ይህን ያህል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 እንዲህ ያለውን ንግድ አጥንቶ፣ ከተራው ሰው አካውንት ውስጥ ከ74 እስከ 89 በመቶው ገንዘብ እንደሚያጣ ተናገረ። ይሄ ፈቃድ ያላቸው፣ ሌባ ያልሆኑ ድርጅቶች ዘንድ ያለው ነው። ሌባው ጋ ስንት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

እንግዲህ «እኔ ጎበዝ ትሬደር ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ የምንጠይቀው ስድስት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፤ አንተ የምትበላው ከምንድነው?

ሰውዬው በትሬዲንግ ሀብታም ከሆነ የኔን 300 ዶላር ምን ያደርግለታል? ይሄን ጠይቁ። ብዙዎቹ ገቢያቸው ከገበያው አይደለም፤ ከኛ ነው። አንዱ ኮርስ ይሸጣል። ሌላው «ቪአይፒ» ብሎ በየወሩ ያስከፍላል። ሌላው ደግሞ ሊንክ ይልክላችሁና «በዚህ ብሮከር ተመዝገቡ» ይላል። ብሮከር ማለት ግዢና ሽያጩን የሚያስኬደው ድርጅት ነው፤ በሊንኩ ለገባ ሰው ለላኪው ኮሚሽን ይከፍላል። አንዳንዱ እናንተ ብዙ በገዛችሁና በሸጣችሁ ቁጥር፣ አንዳንዱም እናንተ በከሰራችሁ ቁጥር ነው የሚከፍለው። ስለዚህ «ዛሬ ግቡ፣ አሁን ውጡ፣ እንደገና ግቡ» የሚል ሰው ለማን እንደሚሠራ ጠርጥሩ። የመጨረሻው ዓይነት ደግሞ የኔው ነው፤ ምንም ትሬዲንግ የለም፣ አፑ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈ ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፤ የከሰርክበትን አሳየኝ።

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ብሮከሮች ለመለማመጃ የሚሰጡት ዴሞ አካውንት አለ፤ 100,000 የውሸት ዶላር ይሰጣችሁና እንደ እውነተኛው ይሠራል። በዚያ አሥር ጊዜ ሞክሮ ያሸነፈበትን አንዱን ፎቶ ማንሳት ይችላል። ቻናል ላይም የተሳሳተውን «ሲግናል» ማታ ይሰርዝና ያገኘው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉ፤ ለአንድ ወር ምንም ሳትከፍሉ የሚለውን ሁሉ በደብተር ጻፉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ልክ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ። ከዚያ የራሱን ቻናል ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ። የጎደለ መስመር ካለ ሰውየውን አወቃችሁት። እውነተኛ ነጋዴ «እዚህ ከስሬያለሁ» ብሎ ያሳያል፤ የማይከስር የለምና።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል ልጨምር፤ እኔ ስሰማው እጄን በአፌ ነው የጫንኩት። ሰውዬው ለ800 ሴቶች በግል ይጽፋል። ለ400ው «በዚህ ሳምንት ወርቅ ይወጣል»፣ ለ400ው «ይወርዳል» ይላል። ወጣ እንበል። የተሳሳተባቸውን 400 ይተዋል። ለቀሩት 400 እንደገና፤ ለ200ው ይወጣል፣ ለ200ው ይወርዳል። እንዲህ እያለ በአምስተኛው ሳምንት 25 ሴቶች ይቀራሉ። ለነዚህ 25 ሰውዬው አምስት ጊዜ ተናግሮ አምስቱንም ያገኘ ነቢይ ነው! እሱ ግን ስለ ወርቅ ምንም አያውቅም። «እኔ በዓይኔ አይቼ ነው ያመንኩት» ስትሉ፣ ያላያችኋቸውን 775 ሴቶች አስቡ።

ሦስተኛ፤ ይሄ ሒሳብ የት ያደርሳል?

ይሄን ለልጅቷ በወረቀት ሠራሁላት። 1,500 ዶላር በሦስት ወር እጥፍ፤ 3,000። በስድስት ወር 6,000። በዘጠኝ ወር 12,000። በዓመቱ 24,000። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 384,000። በሦስተኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ይሆናል። ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ዕቁብ ተነስቶ! ይሄን የሚችል ሰው በቴሌግራም እኛን ምን ይለምነናል?

በዓለም የታወቀው የአክሲዮን ባለሀብት አሜሪካዊው ዋረን ባፌት ነው። የሱ ድርጅት ከ1965 ጀምሮ ወደ ስልሳ ዓመት ገደማ በአማካይ ያደገው በዓመት 20 በመቶ ገደማ ነው። በዓመት! በወር አይደለም። በዚህ ነው ከዓለም ሀብታሞች አንዱ የሆነው። እንግዲህ ማንም ሰው በወር 20 በመቶ ሲላችሁ፣ ከዋረን ባፌት አሥራ ሁለት እጥፍ እበልጣለሁ ብሎ መማሉ እንደሆነ ይግባችሁ። እንዲያውም ከዚያም በላይ ነው፤ ትርፍ ትርፍን ይወልዳልና።

አራተኛ፤ ፈቃድህን ማን ሰጠህ?

የሰው ገንዘብ ይዞ መነገድ በብዙ አገር ፈቃድ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢንቨስትመንት አማካሪም ሆነ ደላላ ፈቃድ የሚያወጣው ከሱ ነው። በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማንም ሰው ከፍቶ ስም የሚፈልግበት መዝገብ በኢንተርኔት አለው። «የእንግሊዝ ፈቃድ አለን» ካላችሁ ስሙን እዚያ ፈልጉ። ግን ተጠንቀቁ፤ ሌቦች የእውነተኛ ድርጅት ስምና የፈቃድ ቁጥር ገልብጠው ይጠቀማሉ። ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ስልኩና አድራሻው መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ? ደግሞ የሰርተፍኬት ፎቶ ሲልኩላችሁ አትደነቁ። የሰርተፍኬት ፎቶ እኔም እዚህ ስልኬ ላይ ልሠራላችሁ እችላለሁ።

አምስተኛ፤ ሁሉንም ዛሬ ላውጣው?

«ትንሽ አውጥቼ ፈትኜዋለሁ» አትበሉ። እኔም ፈትኜ ነበር። ያቺ 50 ዶላር መንጠቆ ላይ ያለችው ትል ናት። ይሄ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1920 ቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን 50 በመቶ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሰጠ፤ የሰጠው ግን ኋላ ከመጡት ሰዎች ገንዘብ ነው። በዚያው ዓመት ፈረሰ። በ2008 የተያዘው በርናርድ ሜዶፍ ደግሞ ጮክ ብሎ እንኳ ቃል አልገባም፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትርፍ እያሳየ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ከራሱ ማኅበረሰብ የሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሳይቀሩ «የኛ ሰው ነው» ብለው ሰጡት። 150 ዓመት ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ። «የኛ ሰው ነው፣ አማርኛ ይናገራል፣ ይጾማል ይሰግዳል» ማለት ማስረጃ አይደለም። የሚያጠምደን ሰው መጀመሪያ የሚማረው ቋንቋችንን ነው።

ለማውጣት ታክስ፣ «የማስከፈቻ»፣ ዋስትና ክፈሉ ከተባላችሁ ደግሞ እዚያው ላይ ቁሙ። ትርፍ ካለ ወጪው ከትርፉ ላይ ተቀንሶ ይሰጣችኋል እንጂ ሌላ ገንዘብ ከኪሳችሁ አምጡ አይባልም።

ስድስተኛ፤ ለምን ዛሬ? ለምንስ በምስጢር?

«ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቷል።» «ለማንም አትንገሪ፣ ይቀኑብሻል።» ሁለቱን አንድ ላይ ከሰማችሁ ስልኩን አስቀምጡት። ዕቁባችን ለምን ይሠራል? ደብተሩ ክፍት ስለሆነ፣ ሁላችንም ስለምናይ፣ ሰብሳቢዋ ቤቷ ስለሚታወቅ ነው። ጥሩ ገንዘብ ከእህት አይደበቅም።

ይኸው ስድስቱ። አሁን የሚከብደው ላይ ልምጣ።

ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ በማናውቀው ሰው አይመጣም። የኔም ያስገባችኝ የመኝታ ክፍል የተጋራችኝ ልጅ ነበረች። ሰው ስታመጣ 10 በመቶ ይሰጧት ነበር። በኋላ ሌባ አልኳት፤ ሁለት ዓመት ሳላናግራት ቆየሁ። እሷ ግን ከኔ የበለጠ ነበር የተበላችው። ታምን ነበር። አምና ነው የጠራችኝ። አሁን መሐላችን ሰው እያመጣ ኮሚሽን የሚቀበል ካለ፣ ለማሳፈር አይደለም የምናገረው። አንድ ጥያቄ ብቻ ራሷን ትጠይቅ፤ ገንዘቡ ቢጠፋ ላመጣኋት እህት ከኪሴ እመልሳለሁ ወይ? ካልሆነ አትጥራ።

ሌላው ሐፍረት ነው። እኔ ስምንት ወር ለማንም አልተናገርኩም። በነዚያ ስምንት ወራት ያው ሰውዬ ስሙን ቀይሮ ከዚሁ ሰፈር ሌሎች ሦስት ሴቶችን በላ። አንዷን አውቃት ነበር። ዝም ማለቴ ለሱ ጠቀመው። ኢቃማ የሌለው ፖሊስ ጋ እንደማይሄድ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነው እኛን የሚመርጡን። ቢያንስ እርስ በርሳችን እንነጋገር። የተበላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ «ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን፣ ትንሽ ክፈይ» የሚል ሁለተኛ ሰው ይመጣል። ብዙ ጊዜ ያው የመጀመሪያው ነው። እንዳትከፍሉ።

«እና ምን እናድርግ? እንዲሁ ሰው ቤት ስንጠርግ እንሙት?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይሄን ጥያቄ አልንቀውም። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡልን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ወደ አገር መግቢያ መንገድ ነው። እኔም የገዛሁት እሱን ነበር። በሦስት ወር የሚያስገባ መንገድ ግን የለኝም፤ አለኝ ብላችሁ ከነዚያ ሰዎች በምን ተለየሁ? ያለኝ ቀርፋፋው ነው። ዕቁብ አለ። አገር ቤት በስማችሁ፣ በወንድም ስም ሳይሆን በስማችሁ፣ የሚከፈት የባንክ ሒሳብ አለ። ትሬዲንግ መማር የምትፈልግም በዴሞ አካውንት አንድ ዓመት በነፃ ትማር፤ በውሸት ገንዘብ ያላተረፈች በእውነተኛው አታተርፍም።

ከኮሚቴው ጋር የተነጋገርነው አንድ ነገር አለ። ማንም ብትሆን ከ100 ዶላር በላይ እንዲህ ላለ ሰው ከመላኳ በፊት ሰባት ቀን ትቆይ፤ ስልኳን ይዛ እሑድ መጥታ ለሦስት እህቶች ታሳይ። አንከለክላትም። ስድስቱን ጥያቄ አብረን እንጠይቃለን፣ ከዚያ ውሳኔው የሷ ነው። አፕ ካልከፈተላችሁ ወይም ማንበብ ከቸገራችሁ የምታግዝ አለች።

የልጅቷን ነገር ልጨርስ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ጥያቄ አብረን ጻፍንለት፤ «የከሰርክበትን አሳየኝ»ና «ፈቃድህን ማን ሰጠህ?» የሚሉትን። መልሱ በአሥር ደቂቃ መጣ። ሳነበው ያው የኔ ሰውዬ የተነሳ መሰለኝ። እንዲህ ይላል፤ «እህቴ፣ ካላመንሽኝ ዕድሉን ለሌላ ስጪ። የቀረው ሁለት ቦታ ነው። እናትሽስ እንዴት ናት?»

ዕቁቡ የሚወጣው በሚመጣው እሑድ ነው። ምን እንደምትወስን አልጠየቅኳትም፤ ዛሬም አልጠይቃትም። እዚያው ቦታዬ ላይ እሆናለሁ፣ ቡናም ይኖራል።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።